የቤት ቢራ ሲፈላ ሙቀቱን የት ላይ ነው የምትለኩት?

ማራኪ ሰፈር
መጋቢት 3፣ ከምሽቱ 1፡40

ሰላም ጠማቂዎች። ለፋሲካ የሚደርስ ቢራ ጠምቄያለሁ። 20 ሊትር ነው። በነጭ የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ሆኖ ክዳኑ ላይ ኤርሎክ (ጋዙን የሚያስወጣ፣ አየር የማያስገባ መዝጊያ) ተገጥሞለታል። ብቅሉ የገብስ ነው፤ እንደ ጌሾ የሚያመርረው ሆፕና እርሾው ከውጭ በሰው የመጣ። እርሾው የኤል (ሞቅ ባለ ቦታ የሚፈላ የቢራ ዓይነት) ነው። ፓኬቱ ላይ ከ18 እስከ 26 ዲግሪ ይላል።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ግድግዳው ላይ የሰቀልኩት ቴርሞሜትር 22 ይላል። ባልዲው ላይ የለጠፍኳት ተለጣፊ ቴርሞሜትር ግን 26 ላይ ነች። ሁለቱንም ያየሁት በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ነው። የቱን ልመን?

ክፍሉ ግድግዳው ወፍራም የድንጋይ ነው። ከሰዓት በኋላ ውጭው ሲግል እንኳን ውስጡ ቀዝቀዝ ይላል። የመረጥኩትም ለዚህ ነው። ፍሪጅና ኮንትሮለር (ሙቀቱን እያየ ፍሪጁን የሚያበራና የሚያጠፋ) ከመግዛቴ በፊት የናንተን ልምድ ብሰማ ደስ ይለኛል። መጋቢትንና ሚያዝያን ጎንደር ላይ እንዴት ነው የምታልፉት?


አንገረብ
መጋቢት 3፣ ከምሽቱ 2፡15

ወንድሜ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። የሚለኩት ግን ለየቅል ነው። የግድግዳው የክፍሉን አየር ይነግርሃል፣ የባልዲው ቢራውን። እርሾው ያለው ቢራው ውስጥ ስለሆነ የባልዲውን እመን።

እርሾ ስኳሩን ሲበላ ሙቀት ያወጣል። ቀላል እንዳይመስልህ። 20 ሊትር ቢራ ፈልቶ እስኪጨርስ የሚያወጣው ሙቀት ምንም ሳያመልጥ እዚያው ቢታፈን፣ ቢራውን ከ10 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል። ባልዲው ሙቀቱን ወደ አየር ስለሚለቅ እዚያ አይደርስም። ፍላቱ ሲጠነክር ግን ከክፍሉ 3፣ 4፣ አንዳንዴም 5 ዲግሪ በልጦ ታገኘዋለህ። ያንተም ከዚህ አልወጣም።

ፓኬቱ እስከ 26 ስላለ ደግሞ አትዘናጋ። ያ እርሾው የሚችለው ነው እንጂ ቢራው የሚጣፍጥበት አይደለም። ንጹሕ ጣዕም ከፈለግህ ከ18 እስከ 20 ያዘው። ከሁሉ በላይ የሚወስኑት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ናቸው። እርሾው የሚራባው ያኔ ነው። ሙዝ ሙዝ የሚሸቱት ኤስተሮችም፣ ጉሮሮ የሚያቃጥሉት ከባድ አልኮሎችም በብዛት የሚፈጠሩት ያኔ ነው። በስድስተኛው ቀን 26 ብትለኝ ግድ አልነበረኝም። ስንተኛ ቀንህ ነው?


ማራኪ ሰፈር
መጋቢት 3፣ ከምሽቱ 2፡22

እርሾ የጨመርኩት ትናንት ማታ ነው። ኤርሎኩ ከጠዋት ጀምሮ ያለማቋረጥ እየተንቦቀቦቀ ነው።


አንገረብ
መጋቢት 3፣ ከምሽቱ 2፡40

እንግዲያው ዛሬውኑ አቀዝቅዘው። ፍሪጅ እስክትገዛ አይጠብቅህም።

ሰፊ ሳፋ ፈልግና ባልዲውን ውስጡ አቁመው። ሳፋው የቻለውን ያህል ውሃ ሙላበት። ባልዲውን አሮጌ ቲሸርት አልብሰው፤ የታችኛው ጫፍ ውሃው ውስጥ ይግባ። ቬንቲሌተር ካለህ ፊት ለፊቱ ክፈትበት። ጨርቁ ውሃውን እየሳበ ይረጥባል፣ ነፋሱ ያተነዋል፣ ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። በዚህ ወር የጎንደር አየር ደረቅ ስለሆነ አንጀት ያርሳል። ሐምሌና ነሐሴ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው፤ ያኔ ትነቱ ይዳከማል፤ ግን ያኔ ብርዱ ራሱ ይበቃሃል።

በአንድ ጊዜ ግን አታውርደው። ድንገት ከቀዘቀዘ እርሾው ይተኛብሃል። ሌሊቱን ቀስ እያለ ወደ 20 ይምጣ።


የቁስቋሟ
መጋቢት 3፣ ከምሽቱ 3፡05

ልጆቼ እንደምን አመሻችሁ። እኔ የምጠምቀው ጠላ ነው፤ የፋብሪካውን ዓይነት ቢራ አልሞከርኩም። ነገሩ ግን አንድ ነው።

ጋኑ ሥራ ሲይዝ እጄን ሆዱ ላይ አሳርፋለሁ። ከቤቱ ሞቅ ካለ ፈልቷል ማለት ነው። በክረምት ጥንስሱ አልነሳ ካለ ጋቢ አለብሰዋለሁ፤ ወደ ምድጃውም ጠጋ አደርገዋለሁ። በዚህ በበጋ ደግሞ ፀሐይ የማያየው ጥግ ይዤ ታቹን አፈር አደርግና ውሃ አርከፈክፍበታለሁ። በሙቀት የደረሰ ድፍድፍ ቶሎ ይደርሳል፤ የሚኮመጥጠውም ቶሎ ነው። ቀዝቀዝ ባለ ቤት ዝግ ብሎ የፈላ ጠላ ግን ከርሞ እንኳን ጣዕሙን አይለቅም።

አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። አፉን በደንብ ምረጉት። አየር ካገኘው፣ ሙቀቱን ምንም ብትጠብቁለት ሆምጣጤ ነው የሚሆነው።


ብቅል በአዘዞ
መጋቢት 3፣ ከምሽቱ 3፡30

እትዬ፣ እጅዎት ይባረክ። ያረጠቡት አፈር ማለት አንገረብ የነገረው ቲሸርት ነው። ጋኑ ራሱም ሸክላ ስለሆነ ላብ ያወጣል፤ ያ ላብ ሲተን ያቀዘቅዘዋል። የሆምጣጤውም ነገር እንዳሉት ነው። ሆምጣጤ የሚያደርጉት ባክቴሪያዎች አየር ይወዳሉ፤ ሙቀት ሲያገኙ ደግሞ ይብስባቸዋል።

ስለ ድንጋዩ ቤት ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ወፍራም ግድግዳ ትልቅ ሀብት ነው። የቀኑን ግለትና የሌሊቱን ብርድ አቻችሎ ይይዝልሃል። ጎንደር ላይ ቀንና ሌሊት በጣም ስለሚራራቁ በቆርቆሮ ግድግዳ ቤት የሚጠምቅ ሰው የሚያየው መከራ ሌላ ነው። ግን ግድግዳው ከውጭ የሚመጣውን ነው የሚከለክልልህ። ባልዲው ውስጥ የሚፈጠረውን ሙቀት አያወጣልህም።


የላብ ሰው
መጋቢት 4፣ ከጠዋቱ 1፡50

ሁላችሁም ስለ 20 እና 26 ታወራላችሁ። ቴርሞሜትሩ ራሱ ልክ መሆኑን ያየ አለ? ርካሽ ዲጂታሎች 2 ዲግሪ ሲስቱ አይገርመኝም። ለቢራ ደግሞ 2 ዲግሪ ብዙ ነው።

አፈታተኑ ቀላል ነው። በረዶ ጨፍልቃችሁ ብርጭቆ ሙሉ አድርጉ። ክፍተቱን ብቻ የሚሞላ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩበት። አማስሉት፣ ጥቂት ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ ሴንሰሩን መሀል ላይ አስገቡት። የብርጭቆውን ታች አይንካ። 0 ማንበብ አለበት። 1.5 ካለ፣ ያንን መዝግቡና ሁልጊዜ ቀንሱለት። ብዙ ኮንትሮለሮች ላይ ማስተካከያው አለ።

አሁን ጥንቃቄ የሚፈልገው። ብዙ ቪዲዮ ላይ «በፈላ ውሃ ፈትኑት፣ 100 ማለት አለበት» ይላሉ። ጎንደር ላይ እንዳትሞክሩት። ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ነው ያለነው። እዚህ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። 100 እንዲል ብላችሁ ካስተካከላችሁት 7 ዲግሪ የሚዋሽ ቴርሞሜትር በእጃችሁ ፈጠራችሁ ማለት ነው።

ሁለተኛ መፈተኛ ከፈለጋችሁ የትኩሳት መለኪያው ዲጂታል ቴርሞሜትር አለላችሁ። ከመድኃኒት ቤት በትንሽ ብር ይገኛል። በዚያች በጠበበች ክልሉ ውስጥ በጣም ትክክል ነው። 37 አካባቢ የሆነ ለብ ያለ ውሃ አዘጋጁና ሁለቱን ጎን ለጎን ንከሯቸው። በ0ም በ37ም ልክ ከሆነ፣ በ20 አይሳሳትም።

የመስታወት ቴርሞሜትር፣ በተለይ ሜርኩሪ ያለበትን፣ ቢራው ውስጥ በፍጹም አታስገቡ። ቢሰበር የሚደፋው ቢራው ብቻ አይደለም፤ ሜርኩሪ መርዝ ነው።


ማራኪ ሰፈር
መጋቢት 4፣ ከጠዋቱ 2፡20

የላብ ሰው፣ እግዜር ይስጥልኝ። የፈላውን ውሃ ነገር ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር። ሌሊቱን በቲሸርቱና በቬንቲሌተሩ ወደ 22 ወርዷል። በኮቪድ ጊዜ ግንባር ላይ የሚደቀነው መለኪያስ ይሆናል? ቤት ውስጥ አንድ አለ።


የላብ ሰው
መጋቢት 4፣ ከጠዋቱ 2፡35

እሱን ተወው። ለሰው ግንባር ተብሎ የተሠራ ነው። ከቆዳ ያነበበውን ወደ ሰውነት ሙቀት ቀይሮ ነው የሚያሳይህ። 20 ዲግሪ ላይ ደግሞ «ዝቅተኛ» ብሎ ዝም ይላል። ለፋብሪካ ሥራ የሚሆነው ጠመንጃ የሚመስለው የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ይሻላል፤ ፕላስቲክ ላይ ደህና ያነባል። የሚያብረቀርቅ የብረት በርሜል ላይ ግን ይስታል። ለማንኛውም ላዩን እንጂ ውስጡን አያይም።


ብቅል በአዘዞ
መጋቢት 4፣ ከምሽቱ 1፡10

ወደ ፍሪጁ ጥያቄ ልምጣ። እኔ አሮጌ ፍሪጅ ከኮንትሮለር ጋር ነው የምጠቀመው። ፍሪጁ ሶኬቱን ኮንትሮለሩ ላይ ይሰካል፣ ኮንትሮለሩ ግድግዳው ላይ። ሴንሰሩ የነገርከው ሙቀት ላይ ሲደርስ መብራቱን ያቋርጥበታል። የፍሪጁ የራሱ ቴርሞስታት ለምግብ ስለተሠራ 18 አይገባውም።

ብዙ ሰው የሚስተው ሴንሰሩ ላይ ነው። ፍሪጁ ውስጥ በአየር ላይ አንጠልጥሎት ይዘጋል። አየር ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ቶሎ ይሞቃል። ኮምፕሬሰሩ በየደቂቃው ሲነሳና ሲተኛ ይውላል፤ ቢራው ግን 4 ዲግሪ ከፍ ብሎ እንደልቡ ይፈላል። ሴንሰሩ ባልዲው ላይ ይለጠፍ።

አለጣጠፉም ደንብ አለው። ከቢራው ከፍታ መሀል ላይ፣ ከላይ አረፋው ካለበት ሳይሆን። የሴንሰሩ ጫፍ ፕላስቲኩን ሙሉ ለሙሉ ይንካ። በላዩ ላይ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ በወፍራሙ አድርጋችሁ በፕላስተር ግጥም አድርጉት። ስፖንጁ የፍሪጁን አየር ከሴንሰሩ ይጋርደዋል። አለበለዚያ ግማሽ አየር፣ ግማሽ ቢራ ነው የምታነቡት።

ከዚያ መጠኑን 18 አድርጉ። ልዩነቱን (ስንት ከፍ ሲል ፍሪጁ እንደሚነሳ) 1 ዲግሪ፣ የኮምፕሬሰር ማዘግያውን ቢያንስ 3 ደቂቃ። ማዘግያዋን አደራ። መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመለስ፣ ተመልሶ እንደገና ሲሄድ ኮምፕሬሰሩን የምታተርፍለት እሷ ናት።


አንገረብ
መጋቢት 4፣ ከምሽቱ 1፡45

እዚህ ላይ ከብቅል ጋር አንስማማም። ክዳኑን በስተህ ቢራው መሀል ድረስ የሚወርድ ጫፉ የተደፈነ የአይዝጌ ብረት ቱቦ አስገባና ሴንሰሩን እሱ ውስጥ ክተተው። እውነተኛውን የመሀሉን ሙቀት የሚሰጥህ እሱ ነው።


ብቅል በአዘዞ
መጋቢት 4፣ ከምሽቱ 2፡00

ለ200 ሊትር እስማማለሁ። ለ20 ሊትር ግን ፍላቱ በበረታበት ሰዓት አረፋው ራሱ ቢራውን ያማስለዋል፤ መሀሉና ዳሩ ብዙም አይለያዩም። ቱቦው ደግሞ መጽዳት የሚፈልግ አንድ ተጨማሪ ዕቃ ነው። ሌላም አለ። መሀሉ ዘግይቶ ስለሚቀዘቅዝ ፍሪጁ አብዝቶ ይሠራና ዳሩን ከሚገባው በታች ይወስደዋል። ስፖንጅና ፕላስተር ለጀማሪ ይበቃል ባይ ነኝ።


አንገረብ
መጋቢት 4፣ ከምሽቱ 2፡12

አብዝቶ ስለመሥራቱ እውነት አለህ። ጽዳቱን በተመለከተ ግን እንደ ሰው ትጋት ነው።


ጌሾ ቅጠል
መጋቢት 5፣ ከቀኑ 7፡30

መብራት በሄደ ቁጥር ፍሪጁ ጌጥ ለሆነባችሁ ሰዎች ነው የምጽፈው። እኔ ፍሪጅ የለኝም። ጎረቤት ፍሪዘር ውስጥ የሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ አስቀምጣለሁ።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ሳፋው ውስጥ 20 ሊትር ውሃ፣ ባልዲው ውስጥ 20 ሊትር ቢራ አለ እንበል። ሙሉ በሙሉ በረዶ የሆነ የ2 ሊትር ሃይላንድ ሳፋው ውስጥ ሲቀልጥ ሁለቱን በ4 ዲግሪ ገደማ ያወርዳቸዋል። ስለዚህ ሁለት ሦስት ጠርሙስ በአንዴ አትወርውሩ። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ እያያችሁ። ውሃው ብዙ ስለሆነ ቶሎ አይሞቅም፤ መብራት ለግማሽ ቀን ቢጠፋ እንኳን አይነቃነቅም። ፍሪጅ ያላችሁም ብትሆኑ መብራት ሲጠፋ በሩን አትክፈቱ፤ አንድ ሁለት የበረዶ ጠርሙስ ውስጡ ይቀመጥ።

ገንዘቡን ፍሪጅ ላይ ከማዋል በፊት ደግሞ የቀኑን ትልቁንና ትንሹን የሚያስታውስ ቴርሞሜትር ግዙ። ማታ 19 አይታችሁ ትተኛላችሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሥራ ቦታ እያላችሁ 25 ገብቶ ይወጣል። ያንን የሚነግራችሁ እሱ ነው።


ብርድ በደባርቅ
መጋቢት 5፣ ከምሽቱ 12፡20

እናንተ ስለ ሙቀት ትጨነቃላችሁ፤ እኛ ደባርቅ ያለን ሰዎች ጣጣችን ተቃራኒው ነው። ለጎንደሮቹም ታኅሣሥና ጥር ሲመጣ ይጠቅማችኋል ብዬ ነው።

የኤል እርሾ ከ15 በታች ሲወርድ ያንቀላፋል። ኤርሎኩ ዝም ይላል። ሰው ፈልቶ ያለቀ ይመስለዋል፣ ስኳር ጨምሮ በጠርሙስ ያሽጋል። ቤቱ ሲሞቅ እርሾው ይነቃና የተረፈውን ስኳር ጠርሙሱ ውስጥ ይበላል። ጠርሙሱ ይፈነዳል። ይሄ የጣዕም ጉዳይ አይደለም፤ ዓይን ያጠፋል።

ስለዚህ ኤርሎክ አይታችሁ አትፍረዱ። በሃይድሮሜትር (ቢራው ውስጥ ምን ያህል ስኳር እንደቀረ በሚያሳየው መለኪያ) ለኩ። ቢራውን ወደ 20 መልሱት፣ ከዚያ በሦስት ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ለክታችሁ ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰና ከሚጠበቀው ቦታ ከደረሰ አልቋል። ሃይድሮሜትሩ ራሱ በስንት ዲግሪ እንደተሠራ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፤ ብዙውን ጊዜ 20 ነው። ናሙናው ትኩስ ከሆነ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይታያል።

ለማሞቅ ጋቢው ይበቃል፤ እትዬ ልክ ናቸው። ካልበቃ ሳፋው ውስጥ ለብ ያለ ውሃ። አምፖል የምትጠቀሙ ካላችሁ ግን ሆፕ ያለበትን ቢራ ብርሃን ያበላሸዋል፤ ባልዲውን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኑት።

በነገራችን ላይ ላገር (በቅዝቃዜ የሚፈላውን ቢራ) የምትመኙ ሁሉ፣ ከ9 እስከ 13 ዲግሪ ነው የሚፈልገው። ያለ ፍሪጅ ጎንደር ላይ በመጋቢት አይታሰብም። እኛ ጋ በጥር ይሞከራል።


ማራኪ ሰፈር
መጋቢት 6፣ ከምሽቱ 1፡00

በጌሾ ቅጠል ምክር የበረዶ ሃይላንድ ጀመርኩ። ተለጣፊዋ አሁን 19 ላይ ነች። በበረዶ ስፈትናት 1 ዲግሪ ከፍ አድርጋ ስለምታነብ 18 ነው ማለት ነው። ሦስተኛው ቀን አልፏል። እዚሁ ላይ ልያዘው ወይስ ልልቀቀው?


አንገረብ
መጋቢት 6፣ ከምሽቱ 1፡25

በረዶውን አቁም። አሁን ቀስ ብሎ ወደ 21 ወይም 22 ይውጣ። እርሾ መጀመሪያ ላይ ቅቤ ቅቤ የሚል ዳያሴቲል የሚባል ነገር ይሠራል፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ራሱ መልሶ ይበላዋል። ይህን የሚያደርገው ግን ሞቅ ሲለው ነው። ፍላቱ እያለቀ ስለሆነ አሁን ሙቀቱ ጉዳት የለውም። መጋቢት በነጻ የምትሰጥህን ሙቀት ተጠቀምባት።


ጌሾ ቅጠል
መጋቢት 6፣ ከምሽቱ 1፡50

ለሚቀጥለው ጠመቃ፣ በተለይ ለሚያዝያ፣ ከሙቀቱ ጋር መታገል የማይፈልግ ሰው ክቬይክ የሚባለውን የኖርዌይ ገበሬዎች እርሾ ይፈልግ። ቮስ የሚባለው ዓይነት ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ላይ ፈልቶ ንጹሕ ቢራ ይሰጣል። ጣዕሙ ትንሽ ብርቱካን ብርቱካን ይላል። የሚገርመው፣ እነሱም አድርቀው ለሚቀጥለው ጠመቃ ያቆዩታል፤ ጎረቤት ለጎረቤትም ይዋዋሰዋል። አንድ ፓኬት ካገኛችሁ አትጣሉት።


የቁስቋሟ
መጋቢት 6፣ ከምሽቱ 2፡30

እኛም የእርሾን አተላ ለጎረቤት እንሰጣለን። ፈረንጆቹም እንዲህ ናቸው? ደስ ይላል።


ማራኪ ሰፈር
መጋቢት 15፣ ከምሽቱ 12፡45

ሃይድሮሜትሩ ቆሟል። ለሦስት ቀን አልተነቃነቀም። ቀመስኩት፤ ሙዝም የለው፣ ቅቤም የለው፣ ጉሮሮም አያቃጥል። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ጠርሙስ ላይ ስንት ስኳር? የውጭ ካልኩሌተሮች «ቢራው የደረሰበትን ከፍተኛ ሙቀት አስገባ» ይላሉ። ለምን?


የላብ ሰው
መጋቢት 15፣ ከምሽቱ 1፡20

ስኳሩ የሚጨመረው ጠርሙሱ ውስጥ ጋዝ እንዲፈጠር ነው። ቢራው ሲፈላም የተወሰነ ጋዝ ውስጡ ሟሙቶ ይቀራል። ቀዝቃዛ ቢራ ብዙ ይይዛል፣ ሞቃት ቢራ ጥቂት። ወደ 22 ስትለቀው ጋዙ ወጥቷል፤ በኋላ ብታቀዘቅዘውም አይመለስም። ስለዚህ የምታስገባው ቁጥር ፍላቱ ሲያልቅ የደረሰበትን ከፍተኛ ሙቀት ነው፣ የዛሬውን አይደለም።

ካልኩሌተሩ ግን ባሕር ዳርቻ ላይ እንዳለህ አድርጎ ነው የሚያስበው። እዚህ የአየሩ ግፊት ከዚያ ከ20 በመቶ በላይ ያንሳል፤ ቢራው ውስጥ የሚቀረውም ጋዝ በዚያው ልክ ያንሳል። ካልኩሌተሩ በሊትር 6 ግራም ካለህ 6.5 አድርገው። ከ7 አትለፍ። ስኳሩን በማንኪያ ሳይሆን በሚዛን መዝን፤ በትንሽ ውሃ አፍልተህ አቀዝቅዝና ጠቅላላው ቢራ ውስጥ ቀስ ብለህ አዋሕደው። ከዚያ ጠርሙሶቹን ሁለት ሳምንት 20 ዲግሪ አካባቢ፣ ጨለማ ቦታ፣ ካርቶን ውስጥ አስቀምጣቸው። ለፋሲካ ይደርስልሃል።